የጡንቻን መስመሮች በቁራጭ ሥጋ እንዴት ማየት ይቻላል?

ክንዳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ እጠፉ። ያ ጠጠር ብሎ የሚነሳው ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ነጠላ ጥለት የተደረደሩ ጠቆርና ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት። ባለ መስመር ጡንቻ የተባለውም ለዚህ ነው። የራሳችንን ቆርጠን አናይም፤ የበሬው ግን አሠራሩ አንድ ነው፣ ሥጋ ቤት ደግሞ አይጠፋም።

መጀመሪያ ከታፋ ላይ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ግዙ። አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ትበቃለች፣ ለወጥ ከገዛችሁት ላይ ብትቀንሱም ይሆናል። ሻኛ ግን ተዉት፣ ስብ ይበዛበታል።

ከዚያ በንጹህ ውሃ ብቻ ቀቅሉት፣ ያለ ጨው ያለ ዘይት፣ ጫን ሲሉት እስኪተረተር ድረስ። ይህን አትዝለሉ። የጡንቻን ክሮች አስሮ የያዘው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እሱ በሙቀት ሲሟሟ ክሮቹ ይላቀቃሉ፣ ወጥ ቆይቶ ሲበስል ሥጋው የሚላላውም በዚሁ ነው።

ሲቀዘቅዝ በሁለት መርፌ ወደ ርዝመቱ ተርትሩት። መጀመሪያ የሚወጣው አንድ ክር ይመስላል እንጂ የብዙ ክሮች እሽግ ነው። ደግማችሁ ተርትሩ፣ ደግሞ እንደገና፣ ዓይን ሊለየው እስኪቸገር። አንዷ ክር አንድ ሴል ናት፤ ውፍረቷ ከ10 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ቢሆንም ውስጧ ብዙ ኒውክለስ፣ ማለትም የሴል እምብርት፣ አለ።

አሁን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፣ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ያለው ይበቃል፣ የባዮሎጂ መምህር ካወቃችሁ ጠይቁ። ክሯን ስላይድ ላይ አድርጉ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉባት፣ በስስ መስታወት ሸፍኑ። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ከተገኘ በጣም ጥሩ። ከ40 እጥፍ ጀምራችሁ ወደ 400 ውጡ። ብርሃኑን ቀንሱ! ብርሃን ሲበዛ መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ እኔም መጀመሪያ ምንም አላየሁም ብዬ ስላይዱን የጣልኩት ለዚህ ነበር።

ጠቆር ያለው መስመር ማዮሲን የሚባለው ፕሮቲን ወፍራም ክሮች ያሉበት ነው፣ ነጣ ያለው ደግሞ አክቲን የሚባለው ፕሮቲን ቀጭን ክሮች። ክንዳችሁን ስታጥፉ አክቲኑ በማዮሲኑ መሃል ይንሸራተታል፤ ጣቶቻችሁን እርስ በርስ አቆላልፋችሁ ወደ ውስጥ ብትገፏቸው እንደሚሆነው ማለት ነው። የአክቲንና የማዮሲን ክሮች ራሳቸው አያጥሩም፣ መደራረባቸው ይጨምራል እንጂ። ይህ ሐሳብ የታተመው በ1954 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በሌላ ቀን ልብና ጨጓራ ገዝታችሁ ሞክሩ። ልብ ላይ መስመሩ አለ፣ ክሮቹ ግን እንደ ቅርንጫፍ ይከፋፈላሉ። ጨጓራ ላይ የቱንም ያህል ብትፈልጉ መስመር አታገኙም።