መብራት ሥር የተዳከመን ኦርኪድ ስናክም የምንሠራቸው ስህተቶች

ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ መብራት የሚያድግ ኦርኪድ ሲዳከም መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራቱ ነው። መብራቱን ዝቅ እናደርጋለን፣ ውሃ እንጨምራለን፣ ማዳበሪያ እንበጠብጣለን፣ በሳምንቱ ደግሞ መትከያውን እንቀይራለን። ከዚያ በኋላ ተክሉ ቢሞት በየትኛው እንደሞተ፣ ቢድንም በየትኛው እንደዳነ ማንም አያውቅም። እዚህ የምናገረው በየአበባ መደብሩ ስለሚሸጠው፣ ፋሌኖፕሲስ ስለሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ነው። በትውልድ አካባቢው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሥሩን አፈር ውስጥ አይቀብርም፤ ዛፍ ላይ ተጣብቆ፣ ሥሩ ዝናብና ነፋስ እየተፈራረቀበት ይኖራል። የከፋን የቡና ደን ያየ ሰው የእኛዎቹም የዱር ኦርኪዶች እንዲሁ ከግንድ ላይ ተንጠልጥለው ሲኖሩ ሳያይ አይቀርም።

ቅጠል አይቶ ውሃ መጨመር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የተጨማደደና የተልፈሰፈሰ ቅጠል ተክሉ እንደተጠማ ይናገራል እንጂ ለምን እንደተጠማ አይናገርም። ውሃ አጥሮት ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ በስብሶም ሊሆን ይችላል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መምጠጥ ስለማይችል ተክሉ እርጥበት መሃል ተቀምጦ ይጠማል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ ተክሉን ከመትከያው አውጥቶ ሥሩን በጣት መዳሰስ ግድ ነው። ጤነኛ ሥር ጠንከር ያለ ነው፤ ሲደርቅ ብርማ ይሆናል፣ ውሃ ሲነካው ወዲያው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የሞተው ቡናማ ነው፤ ሲጫኑት ይሟሽሻል፣ ሲስቡት ልባሱ ተንሸራቶ ይወጣና ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። መሃሉንም ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ከችግኝ ጣቢያው የመጣ የታመቀ የሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ጉብታ በሥሮቹ መካከል ተደብቆ ይገኛል፤ ላዩ ሲደርቅ እርሱ እንደራሰ ስለሚቆይ ብስባሹ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የሞተው ሥር በእሳት ተለብልቦ በጸዳ ምላጭ ይቆረጣል። ምላጩን ሳያጸዱ ወደ ሌላ ተክል ማሻገር ቫይረስ ማሻገር ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ላይ ቀረፋ የሚነሰንሱ አሉ፤ ለተቆረጠ ቅጠል ምንም አይልም፣ ሥር ላይ ግን ጤነኛውንም ያደርቀዋልና እኔ አልመክረውም።

ሰፊ መትከያ መምረጥ

«ይፈታታ» ተብሎ በደግነት ይሠራል። ሁለት ሦስት ሥር ለቀረው ተክል የሚበጀው ግን ሥሩን ብቻ የሚይዝ ትንሽ መትከያና በአፈር ፈንታ የሚሞላ አዲስ የዛፍ ቅርፊት ነው። ሰፊው ቶሎ አይደርቅም። ያረጀ ቅርፊትም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እየፈረሰ አየር ይከለክላል።

ብርሃንን በዓይን መለካት

ዓይናችን ለድንግዝግዝም ለድምቀትም ራሱን ስለሚያመቻች ምስክርነቱ አይታመንም። ለእኛ ደማቅ የሚመስለን ሳሎን ማታ ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ለጤነኛ ፋሌኖፕሲስ በተለምዶ የሚመከረው ከ10,000 እስከ 15,000 ሉክስ ነው። በስልክ የሚጫኑ የብርሃን መለኪያዎች ልክ ባይሆኑም ከዓይን ይሻላሉ። ርቀት ደግሞ ከሚገመተው በላይ ዋጋ አለው፤ ከአንዲት አምፖል ያለውን ርቀት እጥፍ ስታደርጉ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ቅጠሉ በጣም ጠቁሮ አረንጓዴ ከሆነና ከተልመጠመጠ ብርሃን አንሶታል። ወደ ቢጫ ካደላና ጠርዙ ከቀላ በዝቶበታል፤ ተፈጥሯቸው ቀላ ያለ ዝርያዎች ስላሉ ግን በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ቅጠሉን በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ከክፍሉ አየር ይልቅ ሞቅ ካለ መብራቱ ቀርቧል። ሥር ያጣ ተክል ደግሞ የጤነኛውን ያህል ብርሃን አይችልም፤ ኃይለኛ ብርሃን የቀረችውን ውሃ ያሟጥጥበታል። እስኪያገግም ራቅ አድርጉለት።

ሌሊቱን መንፈግ

በአዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን የቀን ብርሃን ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ መብራቱን ሌት ተቀን አብርቶ መተው ያጓጓል። ፋሌኖፕሲስ በቅጠሉ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በዋናነት የሚከፍተውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው ሌሊት ነው። ጨለማ ከነፈጋችሁት ምግቡን ነፈጋችሁት ማለት ነው። መብራቱ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያህል እንዲበራ በሰዓት መቆጣጠሪያ ማሰር ይበቃል።

ሥር ለሌለው ማዳበሪያ መስጠት

የሚመጥበት ስለሌለው ጨው ብቻ ይከማችበታል። ቅርፊቱ ላይ ነጭ ነገር ከጋገረ ብዙ ውሃ አፍስሶ ማጠብ ነው። የአበባ ዘንግ ካለውም ቁረጡት፤ ያሳዝናል፣ ግን አቅሙን የሚበላው እርሱ ነው።

እርጥበት ለማቆየት ተክሉን በላስቲክ ሸፍኖ መብራት ሥር ማስቀመጥም የተለመደ ነው። የታፈነው አየር ስለሚሞቅ ተክሉ ይቀቀላል። ላስቲክ ካስፈለገ መብራቱ ይራቅ፣ በየቀኑም አየር ይግባበት። ውሃ በቅጠሎቹ መሃል ባለው እምብርት ከተጠራቀመ በሶፍት ይመጠጥ፤ ነፋስ በሌለበት ክፍል እምብርቱ ከበሰበሰ ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። በሩቁ የሚሽከረከር ትንሽ ቬንቲሌተር እዚህ ላይ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

ለውጥ ቶሎ መጠበቅ

ማገገም ወራት ይፈጃል። የተጨማደዱት አሮጌ ቅጠሎች ምናልባት ተመልሰው አይወጠሩ ይሆናል፤ ቢሆንም አረንጓዴ እስከሆኑ ድረስ አትቁረጧቸው፣ ተክሉ ስንቁን የሚያወጣው ከእነርሱ ነው። የታችኛው አንድ ቅጠል ብቻ ቢጫ ሆኖ ቢረግፍም እርጅና ነው፣ አያስደነግጥም። መፈለግ ያለበት ጫፉ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ አዲስ ሥር ነው። እርሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ማዳበሪያ በሩብ መጠን ይጀመራል። ቀጥሎ የሚመጣው ቅጠል ከበፊቱ ካነሰ ሥሩ ገና አልጠነከረም፤ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ መብራቱን ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይቻላል።