ከካርዲፍ በባቡር 40 ደቂቃ፦ አበርጋቬኒን ማየት

ጥገኝነት ጠይቀው በዌልስ ለሚመደቡ ኢትዮጵያውያን ማረፊያቸው በአብዛኛው ካርዲፍ፣ ኒውፖርት ወይም ስዋንሲ ስለሚሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት በቀጠሮና በወረፋ ያልቃሉ። በእነዚያ ወራት አንዱን ማክሰኞ ለአበርጋቬኒ ከተማ ቢመድቡ አይቆጩም። ከተማዋ ከካርዲፍ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ትርቃለች፤ የጠዋቱ የሥራ መግቢያ ግርግር ካለፈ በኋላ የሚያገለግለው የደርሶ መልስ ቲኬትም ዋጋው ይቀንሳል።

በጣቢያው ሰሌዳ ላይ «ኧ ቬኒ» የሚል ሁለተኛ ስም ያገኛሉ፤ የዌልስኛው ስም ነው። «አበር» የወንዝ መጋጠሚያ ማለት ሲሆን፣ እዚህ ጋቬኒ የተባለው ትንሽ ወንዝ ከአስክ ወንዝ ጋር ይገናኛል።

ማክሰኞን የመረጥነው ለገበያው ነው። ገበያው ዓርብና ቅዳሜም የሚቆም ሲሆን፣ ቦታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ የሰዓት ማማው ከሩቅ የሚታየው አዳራሽ ነው። እንደ መርካቶ ዋጋ መከራከር ግን እዚህ አልተለመደም።

ከገበያው ጥቂት እንደ ተራመዱ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኖርማኖች (ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት) የመሠረቱት ግንብ ፍርስራሽ ይገኛል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1175፣ ማለትም በአገራችን የዛጉዌ ነገሥታት በነበሩበት ዘመን፣ ዊልያም ደ ብሬዮዝ የተባለው የኖርማን መስፍን የዌልስ ባላባቶችን በገና ሰሞን ለዕርቅ ጠርቶ በዚሁ ግንብ አስገድሏቸዋል። በቅጥሩ ውስጥ የከተማዋ ሙዚየም ስላለ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያያሉ፤ መግቢያም አይከፈልበትም።

ጊዜ የሚያንስዎት ከሆነ ግን ግንቡን ትተው ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ የኦክ ዛፍ ግንድ የተቀረጸ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእሴይ ምስል በዚያ ተጋድሞ ይገኛል፤ ጺማም ሽማግሌ ሆኖ ተኝቷል፣ ከጎኑም ግንድ ይበቅላል። በግንዱ ላይ ከነገሥታት እስከ ክርስቶስ ያለው የትውልድ ሐረግ ይታይ የነበረ ቢሆንም፣ ያ ክፍል ጠፍቶ የቀረው እሴይ ብቻ ነው። «ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል» የሚለውን የኢሳይያስን ቃል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ላደገ ሰው፣ ማንም ሳያስረዳው ምስሉ ይገባዋል። በነገራችን ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የአንግሊካን ስለሆነ ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም፤ በሩ ላይ ቆመው የሚያመነቱ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

እግሩ የጠና ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ስኪሪድ ተራራ ሊወጣ ይችላል። ጎኑ የተሰነጠቀው ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት ነው የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ በማቴዎስ ወንጌል ዐለቶች ተሰነጠቁ የተባለውን ያስታውሳል። የአካባቢው ሰዎች የተራራውን አፈር እንደ ቅዱስ ቆጥረው፣ እኛ እምነት ከቤተ ክርስቲያን እንደምንወስድ ሁሉ፣ ይወስዱት ነበር። በጫፉ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ፍርስራሽ አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 486 ሜትር መሆኑ እንጦጦን የወጣ ሰው ሊያስቅ ቢችልም፣ ነፋሱና ጭቃው ጥሩ ጫማና ዝናብ የማያስገባ ልብስ ይጠይቃሉ። በታኅሣሥ ወር በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ስለሚጨልም፣ ተራራውን የሚያስቡ በጠዋቱ ይጀምሩ።