መይሳው ምን ዓይነት ሰው ነበር? የታዋቂ ሰው ታይፕ እንዴት ይመረመራል

ጎንደር ፒያሳ፣ ከቴዎድሮስ ሐውልት ብዙም ሳንርቅ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ድንገት «መይሳው አይኤንቲጄ ነው» አለ። አይኤንቲጄ ሰውን በአሥራ ስድስት የስብዕና ዓይነት (ታይፕ) ከሚመድበው አከፋፈል አንዱ ነው። «በምን አወቅህ?» ስለው፣ «ቆራጥ ነዋ!» ብሎ አረፈው። ቆራጥነት ግን ታይፕ አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ፈንክሽኖቹን፣ ማለትም አእምሮ የሚሠራባቸውን መንገዶች፣ ለዩ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው። ነገርን የምናይባቸው ሁለት ናቸው። ሴንሲንግ ዓይን ያየውን፣ እጅ የነካውን ይይዛል። ኢንቱይሽን ከነገሩ ጀርባ ያለውን ያሸታል። የምንወስንባቸውም ሁለት ናቸው፤ ቲንኪንግ (በምክንያት መመዘን) እና ፊሊንግ። አራቱም ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሲዞሩ ስምንት ይሆናሉ። አደራ፣ ፊሊንግ ማለት መናደድና ማልቀስ አይደለም። «ይህ ለእኔ ትክክል ነው ወይ?» ብሎ መመዘን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ማስረጃ ሰብስቡ። ቀረርቶውንና ቴአትሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት፤ እሱ የሚነግረን ስለ እኛ ነው። የሚጠቅመው ሰውዬው ራሱ የጻፈውና ደጋግሞ ያደረገው ነው።

አሁን አንድ ድርጊት አንሡና ጠጋ ብላችሁ እዩት። እኔ ሴባስቶፖልን መረጥሁ። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የነበሩትን አውሮፓውያን ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ አላቸው። ሙያችን አይደለም ቢሉት አልሰማም። መድፉ ሲያልቅ ደግሞ ተራራ እያስቆረጠ፣ መንገድ እያስጠረገ፣ በሰው ኃይል እስከ መቅደላ አስጎተተው። ራሱም ከሠራተኞቹ ጋር ይሠራ ነበር። አንዲት ምስል ይዞ ዓመታት መዝለቅ ወደ ውስጥ የዞረ ኢንቱይሽን ይመስላል። ሰውን፣ መንገድን፣ ብረትን አሰልፎ ማንቀሳቀስ ደግሞ ወደ ውጭ የዞረ ቲንኪንግ ነው። ሁለቱም አይኤንቲጄና ኢኤንቲጄ በሚባሉት ታይፖች ውስጥ አሉ፤ አይኤንቲጄ ላይ ኢንቱይሽኑ፣ ኢኤንቲጄ ላይ ቲንኪንጉ ይቀድማል። መይሳው ላይስ የትኛው ይቀድማል?

ይህን የሚለየው ጭንቀት ነው። ሰው ሲጨንቀው ደካማው ፈንክሽኑ አፍጥጦ ይወጣል ይባላል። በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፈ። መልሱ ቀረ። ነገሩን እንደ መንግሥት ጉዳይ ብቻ አላየውም፤ እንደ ንቀት ቆጥሮት የእንግሊዙን ቆንስል አሰረ። የቆሰለ፣ ያልበሰለ የውስጥ ፊሊንግ ይሸተኛል። ይህ ደግሞ የኢኤንቲጄ ደካማ ጎን ነው።

በ1859 ጎንደርን ማቃጠሉስ? ጓደኛዬ ይህን ዘሎት ሊያልፍ ነበር። እዚህ ከተማ ፍቅሩም ቂሙም አለ። ሁለቱም ማስረጃ አይሆኑም፤ ድርጊቱ ግን ይሆናል። ብቻ በ1847 የነገሠውን ሰውና የ1859ኙን ለያይታችሁ መዝግቡ። በመሃል ሚስቱ ተዋበች ሞታለች፣ የቅርብ ወዳጆቹ ተገድለዋል፣ አገሩ ሸፍቶበታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በዚህ አከፋፈል አያምኑም፤ ያው ሰው ዳግም ሲፈተን ሌላ ታይፕ ሊወጣለት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ግምት ጻፉ፤ ከሥሩም «ምን ባገኝ ሐሳቤን እቀይራለሁ?» በሉ። የእኔ ወረቀት ላይ «መጀመሪያ ኢኤንቲጄ፣ ቀጥሎ አይኤንቲጄ» ይላል። ከሥሩ፦ «ካሳ ሳለ፣ ገና ዘውድ ሳይጭን፣ ዕቅዱን ለማንም ሳይተነፍስ ለዓመታት መያዙን የሚያሳይ ነገር ካገኘሁ፣ ጓደኛዬ ረታኝ።»