ጃንጎ አድሚን ላይ የጅምላ ስረዛን መግራት

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ የጎዛምን፣ የማቻከልና የአነደድ ገበሬዎችን የሚያገለግል የኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ እንበል። መዝገቡ የተሠራው በጃንጎ፣ ማለትም በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ነው፤ መዝጋቢዋ የምትሠራውም አድሚን በሚባለው የጃንጎ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ ነው። የገበሬው ስምና ቀበሌ በአንድ ሠንጠረዥ፣ የተረከበው የዩሪያና የኤንፒኤስ ማዳበሪያ በሌላ ሠንጠረዥ ይመዘገባል። ዝርዝሩ ከየቀበሌው በኤክሴል ስለሚመጣ አንድ ሰው ሁለቴ ይገባል፤ አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሃይ» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ሰኔ ሲቃረብ መዝጋቢዋ ድግግሞሹን ላጥራ ብላ አርባ ሳጥን ምልክት አድርጋ ከላይ ካለው ምርጫ ስረዛን ትመርጣለች። ከገበሬዎቹ ጋር የርክክብ መዝገባቸውም አብሮ ይጠፋል። ማን ስንት ኩንታል እንደወሰደ የሚያሳይ ነገር አይቀርም።

ይህ መመሪያ ያ እንዳይደርስ ምን ምን መስተካከል እንዳለበት ያሳያል። የኮድ ስሞችን እንደሚነበቡት በግዕዝ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እንደ «ዲሊት ሰሌክትድ» ያሉት በቃላቱ መካከል አንደርስኮር፣ እንደ «ትራንዛክሽን አቶሚክ» ያሉት ነጥብ ይገባባቸዋል፣ እንደ «ዩኒክ ኮንስትሬንት» ያሉት ደግሞ ያለ ክፍተት ይገጥማሉ።

መጀመሪያ ጃንጎ በራሱ የሚያደርገውን እንወቅ። «ዲሊት ሰሌክትድ» የሚባለው አክሽን (በተመረጡ ረድፎች ላይ የሚታዘዝ ሥራ) የተመረጡትን በአንድ ኳሪሴት (የረድፎች ስብስብ) ሰብስቦ ባንድ ጊዜ ይሰርዛቸዋል። ስለዚህ ሞዴሉ (ሠንጠረዡን የሚገልጸው ኮድ) ላይ «ዲሊት» የሚል ሜተድ ጽፋችሁ «ርክክብ ያለው አይሰረዝ» ብትሉ፣ ከጅምላ ስረዛ ሲመጣ አይጠራም። ገበሬውን አንድ በአንድ ከፍታችሁ ስትሰርዙ ግን ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ረድፍ ሞክሮ ሠራ ብሎ ይተወዋል። ከስረዛው በፊትና በኋላ ጃንጎ የሚልካቸው «ፕሪ ዲሊት» እና «ፖስት ዲሊት» የሚባሉ ሲግናሎች ግን በሁለቱም መንገድ ይላካሉ።

የመጀመሪያው መከላከያ አድሚኑ ውስጥ ሳይሆን ሞዴሉ ውስጥ ነው። የርክክብ ሞዴል ወደ ገበሬ የሚያመለክትበት ፊልድ (ፎሪን ኪ) ላይ «ኦን ዲሊት» ዋጋው «ካስኬድ» (አብሮ ይሰረዝ) ከሆነ ወደ «ፕሮቴክት» (ስረዛው ይከልከል) ለውጡት። የሞዴሉን ለውጥ የሚመዘግብ ማይግሬሽን ፋይል ይፈጠራል እንጂ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀየር ነገር የለም፤ ጥበቃውን የሚያደርገው ጃንጎ ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ ርክክብ ያለው ገበሬ ሲመረጥ የማረጋገጫው ገጽ የሚያግዱትን ርክክቦች ዘርዝሮ ስረዛውን ይከለክላል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን አንዲት ለውጥ አታስቀሩ።

ቀጥሎ ስረዛው ለማን ይታይ የሚለው ነው። ከመላው አድሚን ለማውጣት «አድሚን ሳይት ዲሴብል አክሽን» ብላችሁ የአክሽኑን ስም ትሰጡታላችሁ። በአንድ ሞዴል የአድሚን ክላስ ላይ «አክሽንስ» የሚለውን «ነን» ማድረግ ደግሞ የዚያን ሞዴል አክሽኖች በሙሉ ያጠፋል፤ የራሳችሁ አክሽን ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። ለኃላፊው ብቻ ቀርቶ ለሌላው እንዲጠፋ ከሆነ «ጌት አክሽንስ» ሜተድን እንደገና ጻፉ፦ የወላጁን ጥሩና የመለሰውን ዲክሽነሪ ያዙ፣ ተጠቃሚው ሱፐርዩዘር (ሙሉ ፈቃድ ያለው) ካልሆነ «ዲሊት ሰሌክትድ» የሚለውን ቁልፍ አውጡለት። ከማውጣታችሁ በፊት ግን ቁልፉ መኖሩን ጠይቁ። የመሰረዝ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲገባ፣ ወይም ዝርዝሩ በፖፕአፕ ሲከፈት፣ ቁልፉ አስቀድሞ የለም፤ ሳትጠይቁ ብታወጡ ገጹ በ«ኪ ኤረር» ይወድቃል።

መዝጋቢዋ ግን ድግግሞሹን የምታጠራበት መንገድ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ስረዛውን ወደ ማኅደር በማዛወር ተኩት። ገበሬው ሞዴል ላይ ባዶ መሆን የሚችል የቀንና የሰዓት ፊልድ ጨምሩ፤ ባዶ ከሆነ ገበሬው አለ፣ ቀን ካለው ማኅደር ገብቷል ማለት ነው። አክሽኑ ሦስት ነገር የሚቀበል ሜተድ ነው፦ ራሱን፣ ሪኩዌስቱንና ኳሪሴቱን። ውስጡ በኳሪሴቱ ላይ «አፕዴት» ጠርቶ ፊልዱን በአሁኑ ሰዓት ይሞላና የተዛወሩትን ብዛት በ«ሜሴጅ ዩዘር» ይናገራል። ከ3.2 ጀምሮ ባለው ጃንጎ «አድሚን አክሽን» የሚለውን ዴኮሬተር ከላዩ አድርጉና መግለጫውን በአማርኛ ስጡት፦ «የተመረጡትን ወደ ማኅደር አዛውር»። ፈቃዱንም እዚያው «ቼንጅ» በሉት፤ አለበለዚያ ለማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰውም አክሽኑን ያገኘዋል።

«አፕዴት» የሞዴሉን «ሴቭ» አይጠራም፣ ሲግናል አይልክም፣ የታሪክ መዝገብም አይጽፍም። ማን መቼ እንዳዛወረ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ሊፈለግም ይገባል፣ የሎግ ጽሑፉን አክሽኑ ውስጥ ራሳችሁ ጨምሩ። ሌላው የሚረሳው ልዩ መሆን ያለበት ፊልድ ነው። የገበሬው መለያ ቁጥር እንዳይደገም ካዘዛችሁ፣ ማኅደር የገባው ቁጥሩን ይዞ ስለሚቀመጥ ያንኑ ቁጥር ዳግም መመዝገብ አይቻልም። «ዩኒክ ኮንስትሬንት» ላይ ቅድመ ሁኔታ አድርጋችሁ ማኅደር ያልገቡትን ብቻ እንዲቆጣጠር አድርጉት። ከዳታቤዞቹ ፖስትግሬስ ይህን ይቀበላል፤ ማይኤስኪውኤል ግን አይደግፈውም።

ማዛወሩን «ዲሊት ኳሪሴት» የሚለው ሜተድ ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። አጭር ይመስላል፣ እኛ ግን አንመክረውም። የማረጋገጫው ገጽ አሁንም ስረዛ እንደሆነ ቆጥሮ ተያያዥ መዝገቦችን ይዘረዝራል፣ «ፕሮቴክት» ካለም ይከለክላል፤ ሲያልፍ ደግሞ ያልተሰረዘውን ተሰርዟል ይላል።

«ዲሊት ኳሪሴት» ከ2.1 ጀምሮ የመጣው ለእውነተኛው ስረዛ ነው። የሞዴሉ «ዲሊት» እንዲጠራ ከፈለጋችሁ እዚያ ውስጥ ረድፎቹን በሉፕ አንድ በአንድ ሰርዙ፤ ሉፑን ግን «ትራንዛክሽን አቶሚክ» ውስጥ ክተቱት። የኳሪሴት ስረዛ በራሱ ወይ ሙሉ ነው ወይ ምንም፤ የእናንተ ሉፕ ግን ሃያኛው ረድፍ ላይ ቢሰናከል ወይም መብራት ቢሄድ አሥራ ዘጠኙ ጠፍተው ይቀራሉ። የታሪክ መዝገቡ ከስረዛው በፊት እንደሚጻፍም እወቁ፤ ስረዛው ቢከሽፍ ታሪኩ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ሊቀር ይችላል።

ዝርዝሩ በነባሪ በአንድ ገጽ 100 ረድፍ ያሳያል፤ ከላይ ግን ሁሉንም ምረጥ የሚል ማያያዣ አለ። በእሱ 4,000 ገበሬ መርጣችሁ ስረዛን ስትጫኑ የማረጋገጫው ገጽ ይከፈታል፣ አረጋግጥ ስትሉ ግን ቁጥሩ 400 የሆነ የስሕተት ገጽ ይመጣል። ገጹ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ስውር ፊልድ ይይዛል፣ ጃንጎ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ ፊልድ አይቀበልም። ገደቡን በሴቲንግ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከፍ የሚለው ግን ለመላው ሳይት ስለሆነ በትልልቅ ፎርም ሰርቨሩን ለማስጨነቅ በር ይከፍታል። የራሳችሁ አክሽን መጀመሪያ ላይ ብዛቱን ቆጥራችሁ ከ500 ካለፈ በቀበሌ አጣሩ የሚል መልእክት ሰጥታችሁ ብትመልሱ ይሻላል።

ለራሳችሁ አክሽን የማረጋገጫ ገጽ ከሠራችሁ ፎርሙ የአክሽኑን ስም፣ የተመረጡትን ቁልፎችና መረጋገጡን የሚያሳይ ምልክት በስውር መያዝ አለበት። የአክሽኑ ስም ከቀረ ስሕተት ሳያሳይ ወደ ዝርዝሩ ተመልሶ ምንም አክሽን አልተመረጠም ይላል፤ ሰው ሰዓቱን የሚፈጀው እዚህ ነው።

መዝጋቢዋ ከሁለቱ «ፀሐይ» የትኛውን እንደምትተው የምትለይበትም ያስፈልጋል። «ጌት ኳሪሴት» ላይ በ«አኖቴት» የርክክብ ብዛት ቆጥራችሁ በዝርዝሩ አንድ ዓምድ አድርጉት። 0 የሚለው ድግግሞሹ ነው፤ 3 የሚለው ደረሰኝ ያለው ሰውዬ።

ሙከራውን በአንድ ረድፍ ሳይሆን በጅምላ አድርጉት። በጃንጎ የሙከራ ክላየንት በሱፐርዩዘር ገብታችሁ ወደ ዝርዝሩ ገጽ «ዲሊት ሰሌክትድ» የሚለውን የአክሽን ስም፣ የሦስት ገበሬ ቁልፍና «ፖስት» የሚል ፊልድ ላኩ፤ ከሦስቱ አንዱ ርክክብ ይኑረው። ከተላከ በኋላ ሦስቱም በቦታቸው ካሉ «ፕሮቴክት» እየሠራ ነው።