በሴንሰር የሚሠራ ቧንቧ ሲያስገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ሦስት የሚያብረቀርቁ ሴንሰር ቧንቧዎች ተደርድረዋል። ከሥራቸው ባልዲና ጣሳ ተቀምጧል። የገባው ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ውሃ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን ያነሳል። በእጅ እንዳይነካ ተብሎ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ቧንቧ፣ ሁሉም በሚነካው ጣሳ መተካቱ ያንገበግባል። ቧንቧዎቹ ደግሞ አልተበላሹም ነበር።

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ደለልን መርሳት ነው። ከተማችን ውሃ የምታገኘው በፈረቃ ነው። ጠፍቶ የቆየ ውሃ ሲመለስ ከመስመሩ ዝገትና አሸዋ ጠርጎ ይመጣል፤ ሮቶውም ሥሩ ጭቃ ያቁራል። ተራ ቧንቧ ይህን ተፍቶት ያልፋል። የሴንሰሩ ቧንቧ ግን ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ትንሽ ቫልቭ ነው። የቫልቩ ስስ ጎማ ላይ ቅንጣት አሸዋ ካረፈች ቀን ከሌት ያንጠባጥባል። ከቫልቩ በፊት ያለችው ወንፊት ስትደፈን ደግሞ ውሃው ይቀጥናል፣ ከዚያም ይቆማል። በዚያ ሕንፃ ወንፊቷ ስትፈታ ቡናማ ጭቃ ለብሳ ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጥባ ስትመለስ ውሃው ወረደ። ስለዚህ ቧንቧው ከመገጠሙ በፊት መስመሩን ከፍተው ውሃው እስኪጠራ ያፍስሱት፤ ወንፊቷንም በየወሩ ያሳጥቡ።

ግፊትን ሳያዩ መግዛትም አለ። ብዙዎቹ ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ፤ ይህም ሮቶው ከቧንቧው 5 ሜትር ያህል ከፍ ይበል ማለት ነው። ከሮቶው ሥር ያለው የመጨረሻ ፎቅ ያለ ፓምፕ ይህን አያገኝም።

በ220 ቮልት ብቻ የሚሠራውን አይግዙ። መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃም አብሮ ይጠፋል። አራት የባትሪ ድንጋይ የሚይዝ፣ በ6 ቮልት የሚሠራ ይምረጡ፤ ሲቀይሩም አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። አሮጌውን ከአዲስ ጋር መቀላቀል አዲሱንም ያደክመዋል።

የቧንቧው ዓይን የማይታይ ብርሃን ልኮ ከእጅ ሲመለስለት ነው የሚከፍተው። ፊት ለፊቱ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ሰው ሳይኖር ሊከፍት ይችላል። በሽቦ የተፈተገ ዓይን ደግሞ እጅን መለየት ያቅተዋል፤ ለጽዳት ሠራተኞች እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይስጧቸው።

ለእያንዳንዱ ቧንቧ ከሥሩ የራሱን መዝጊያ ያስገጥሙ። አንዱ ሲንጠባጠብ የፎቁ ውሃ በሙሉ መዘጋት የለበትም።