ድካም አልለቅ ሲል፦ ከደም ነው፣ ከሆርሞን ወይስ ከስኳር?

"ድካም አልለቀቀኝም" ያለ ሰው ቶሎ የሚሰጠው ምክር "ደም አንሶህ ይሆናል፣ አይረን ውሰድ" የሚል ነው። ይህ ምክር ያሳስበኛል። ምንጩ ሳይታወቅ ኪኒን መዋጥ ዋናውን ችግር ሊደብቅ ይችላል።

ምልክት፦ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይመታል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርገው በመስታወት ሲያዩት ውስጡ ነጣ ብሏል።

ምክንያት፦ ኦክስጅን የሚሸከመው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። እሱ ደግሞ ያለ አይረን አይሠራም። አንድ ቀይ ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ስለሆነ መቅኔ ያለ ዕረፍት አዲስ ያመርታል። አይረን ሲያጥረው ሴሎቹ ትንንሽና የገረጡ ሆነው ይወጣሉ።

መፍትሄ፦ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ከፌሪቲን ጋር ይመርመሩ። ፌሪቲን የአይረን ጎተራውን ያሳያል፤ ሄሞግሎቢን ገና ደህና ሆኖ ጎተራው ተሟጦ ሊሆን ይችላል። አይረን ከታዘዘ ከሻይና ከቡና አርቀው ይውሰዱ። ኪኒኑ ሰገራ ቢያጠቁር አይደንግጡ፤ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀና ከከረፋ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ጋር ይሂዱ። ሄሞግሎቢን ሲስተካከል ኪኒኑን ወዲያው አያቁሙ፣ ጎተራው እስኪሞላ 3 ወር ያህል ይቀጥላል። ከሁሉም በላይ ደሙ በየት እንደሚያልቅ ይጠየቅ፦ ከባድ የወር አበባ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የአንጀት ትል? በወንድና የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ ይህ ጥያቄ ፈጽሞ አይታለፍም።

እጅና እግር የሚደነዝዝ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ይታይ። እሱ ሲያንስ ሴሎቹ ከልክ በላይ ይተልቃሉ።

ምልክት፦ ሌላው ሰው ሳይበርደው እርስዎን ይበርድዎታል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ክብደት ይጨምራል።

ምክንያት፦ አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን አንሶ ሴሎች ሥራቸውን አቀዝቅዘዋል።

መፍትሄ፦ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) ይለካ። ብዙውን ጊዜ ከፍ ማለቱ አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን "ሥሪ እንጂ!" እያለች መሆኑን ያሳያል። የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ከታዘዘ በባዶ ሆድ ይወሰዳል። አይረንም የሚወስዱ ከሆነ በመካከሉ 4 ሰዓት ይኑር።

ምልክት፦ ውሃ ጥም፣ ሌሊት ሽንት መመላለስ፣ ያለምክንያት መክሳት።

ምክንያት፦ ስኳርን ወደ ሴል የሚያስገባው ኢንሱሊን አንሷል ወይም ሴሎቹ አልሰማ ብለውታል። ደሙ ስኳር ሞልቶት ሴሉ ይራባል።

መፍትሄ፦ የጾም ስኳር ይለካ። በተደጋጋሚ 126 ሚ.ግ/ዴ.ሊ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው። ማስመለስና ፈጣን ትንፋሽ ከተጨመረበት ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የ3 ወሩን ስኳር የሚያሳየው ምርመራ የሚለካው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ስለሆነ፣ ደም ማነስ ካለብዎት ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል፤ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።