ሁለት ሲስተም ያለው ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው የተጫኑበት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ባለቤቱ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። አታስደርጉ። ከዚህ በታች ካሉት ብልሽቶች አብዛኞቹ ፋይል አይነኩም፤ ዲስኩ ላይ ያለው እንዳለ ነው። የተዛባው ማሽኑ ሲበራ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው መረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ ይስተካከላል።

ኬብሉ መጥበቁን፣ ፍላሽ ተሰክቶ አለመረሳቱን አይታችኋል ብለን እንጀምር። ሁለት ነገር አዘጋጁ። አንዱ ኡቡንቱ የተጻፈበት 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ነው። ሌላው የቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ መክፈቻ ቁጥር ነው፤ 48 አሃዝ አለው። ዊንዶውስ 11 ይዘው የሚመጡ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸው ይቆለፋል፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ አንድ ነገር ሲቀየር ያንን ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ያው አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ በስልክ ገብታችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡት፣ ከዚያ በፊት ባዮስ አትንኩ። አካውንቱን ሌላ ሰው ከፍቶት የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ከጠፋ፣ ዊንዶውስ ገና እየሠራ ሳለ ቢትሎከርን አጥፉት።

ትእዛዞቹ እንደሚነበቡ ተጽፈዋል፤ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ «ቡት ዲቫይስ የለም» ይላል

ባሕር ዳር ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ክረምት ላይ ይብሳል፤ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ባሉባቸው ቢሮዎች፣ ፖሊና ፔዳ በተባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ ባሉ የኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ከዓመት ዓመት አይጠፋም። ትናንት ሁለቱንም ሲስተም በደንብ ሲያስነሳ የዋለ ማሽን ዛሬ ጠዋት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል።

ጥፋተኛዋ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካችው ክብ ባትሪ ናት፤ ስሟ ሲአር 2032፣ ጉልበቷ 3 ቮልት። ዴስክቶፑ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ሰዓቱንና የባዮሱን ቅንብር ደግፎ የሚያቆየው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ጉልበት ነው። ባትሪዋ የምትሠራው መብራት ሲቋረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የደከመች ባትሪ መብራት ባደረበት ሌሊት አትታወቅም፤ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ትጋለጣለች። መብራቱ ባይጠፋም ዓርብ ማታ ማከፋፈያው ተነቅሎ ሰኞ ጠዋት የሚሰካበት ቢሮ ያው ነው። «ቫይረስ ነው፣ ሰኞ ሰኞ ይነሳበታል» የሚባለው ማሽን በአብዛኛው ይህች ባትሪ ያለቀችበት ነው።

ባትሪዋ ስታልቅ ባዮሱ ፋብሪካ ወደተሠራበት ቅንብር ይመለሳል። ለአንድ ሲስተም ብቻ የተጫነ ማሽን ይህን ሊያልፈው ይችላል፤ ሁለት ያለው ግን በሦስት ቦታ ይመታል፣ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው።

ማስነሻ ስልቱ ከዩኢኤፍአይ (ከአዲሱ ስልት) ወደ ሌጋሲ (ወደ አሮጌው) ከተመለሰ «ቡት ዲቫይስ የለም» ወይም «ኦፕሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም» የሚል መልእክት ታያላችሁ። የዲስኩ አነዳድ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ፣ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ከዞረ ደግሞ ግረብ (ከሁለቱ ሲስተሞች አንዱ የሚመረጥበት ዝርዝር) ይመጣል፤ ዊንዶውስን ስትመርጡ ግን «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» በሚል ሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል፣ ኡቡንቱም ዲስኩን አጥቶ ሊቆም ይችላል። የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ብቻ ከተዛባ ማሽኑ በኔትወርክ ለመነሳት ይሞክርና «ሚዲያ ቴስት ፌይለር፣ ቼክ ኬብል» ይላል። ይህች መልእክት ስንቱን አሳስታለች! ሰው የሃርድ ዲስኩን ኬብል ይቀይራል፣ አልፎም አዲስ ዲስክ ይገዛል። ኬብል የምትለው የኔትወርኩን ነው፤ ከዲስኩ ጋር ምንም አያገናኛትም።

መጀመሪያ ባዮስ ገብታችሁ ቀኑን እዩ። ዓመቱ ማሽኑ ወደተሠራበት ዘመን ከተመለሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ባትሪዋ ናት። ዴል «ታይም ኦፍ ዴይ ኖት ሴት» ብሎ፣ ኤችፒ ደግሞ ከ502 ቁጥር ጋር «ሲሞስ ሪሴት» ብሎ ራሱ ይናገራል። መልቲሜትር ካለ ለኩት፤ አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል፣ ከ2.8 በታች ከሆነ ለውጡት። ስትገዙም እዚያው ሱቁ በር ላይ ለኩ። በፓኬት ተደርድረው የሚሸጡት ርካሾቹ ከፓኬታቸው ሲወጡ 2.9 የሚያሳዩ አሉባቸው፤ እንዲህ ያለውን አትቀበሉ፣ አንድ ክረምት አይሻገርም።

ሲለወጥ ሶኬቱ ይነቀል፣ ከዚያ የማብሪያው ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ተጭኖ ይያዝ፤ ውስጥ የቀረ ጉልበት እንዲወጣ ነው። ባትሪዋን በጠፍጣፋ ነገር ከጎን ያለውን መያዣ ገፋ አድርጋችሁ አውጡ፤ አዲሷ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ትገባለች። ሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች እርጥበቱ መያዣውን ያዝገዋል፤ አረንጓዴ ነገር ካያችሁበት በአልኮል ጥረጉት፣ አለዚያ አዲስ ባትሪም ጉልበቷ አይደርስም። ላፕቶፕ ላይ ባትሪዋ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ሁለት ሽቦ ይወጣላታል። ከነሽቦዋ የምትሸጠውን ግዙ። ሽቦ በሌላት ባትሪ ላይ በካውያ ሽቦ መበየድ አደገኛ ነው፤ ስትሞቅ ልትፈነዳ ትችላለች።

አሁን ቅንብሩን መመለስ ነው፤ እዚህ ላይ አትገምቱ። በኡቡንቱ ፍላሽ ተነሱና «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ። ዲስኩን ስትመርጡ የክፍፍሉ ዓይነት «ጂዩአይዲ» የሚል ከሆነና ከ100 እስከ 500 ሜጋባይት ገደማ የሆነች የፋት ዓይነት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ካለች ሲስተሞቹ የተጫኑት በዩኢኤፍአይ ነው። «ማስተር ቡት ሪከርድ» ካለ በሌጋሲ ነው። ባዮሱን በዚያው ልክ አስተካክሉ፣ የዲስኩን አነዳድ ኤኤችሲአይ ላይ አድርጉ። ኤኤችሲአይ ሆኖ ዊንዶውስ ሰማያዊ ካወጣ ሲጫን በሬይድ ነበር ማለት ነው፤ መልሱት። እነዚህን ቅንብሮች ወዲያና ወዲህ ማድረግ ፋይል አያጠፋም። ፋይል የሚያጠፋው በዚህ መሃል ለሚመጡ ጥያቄዎች «እሺ» ማለት ነው፦ ሬይድ ላይ «ቮልዩም ፍጠር» ካለ እምቢ በሉ፣ ዊንዶውስ «ኢኒሻላይዝ ዲስክ» ካለ እምቢ በሉ፣ የኡቡንቱን ፓርቲሽን ጠቅ ስታደርጉ «ፎርማት ላድርገው?» ካለም እምቢ በሉ።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ጥፋት እንዲህ ነው። ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፑ አልነሳ ይለዋል፤ ወደ ሱቅ ይወስደዋል። ሱቁ ባዮሱን ሳያይ የዊንዶውስ ፍላሽ ይሰካል፣ ማሽኑ ሌጋሲ ላይ ስላለ መጫኛው «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» ይላል፤ ባለሙያ የተባለው ሰው ፓርቲሽኖቹን በሙሉ አጥፍቶ ይጭናል። ኡቡንቱውም፣ የመመረቂያ ሥራውም፣ ፎቶውም ሄደ። የሁለት ደቂቃ የባዮስ ሥራ ነበር። ያ መልእክት ዲስኩ ተበላሽቷል አላለም፤ ስልቱ አልገጠመም ነው ያለው። እንዲህ ከተደረገባችሁ ማሽኑን ወዲያው አጥፉ፣ ምንም አትጻፉበት፣ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ቴስትዲስክ በተባለው የጠፋ ክፍል መፈለጊያ ፕሮግራም ፈልጉ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው የመነመነ ነው።

ግረብ ሳይመጣ በቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል

ከትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱን አንደኛ ያደርጋል። ሲበራ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ቀጥሎ ኤፍ 9፣ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ 12፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ ተጫኑ። ዝርዝሩ ውስጥ «ኡቡንቱ» ካለ በእሱ ግቡና ባዮስ ላይ አንደኛ አድርጉት፤ ባዮሱ ካስቸገረ ኡቡንቱ ውስጥ ሱዶ ግረብ-ኢንስቶል የሚለው ትእዛዝ ይመልሰዋል። ከዝርዝሩ ጨርሶ ከጠፋ በፍላሹ ተነስታችሁ ቡት-ሪፔር የተባለውን የማስነሻ መጠገኛ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ፍላሹ ራሱ በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት፤ በሌጋሲ ከተነሳ ጥገናው የተሳሳተ ቦታ ይጽፋል። አንዳንድ አሮጌ ኤችፒዎች ቅደም ተከተሉን ብታስተካክሉትም ይረሱታል፤ ለእነሱ ባዮስ ውስጥ «ከስተማይዝድ ቡት» በሚለው ቦታ የኡቡንቱን ማስነሻ ፋይል አድራሻ መጻፍ ነው።

ኡቡንቱ የዊንዶውሱን ክፍል ያያል፣ መጻፍ ግን አይችልም

ምክንያቱ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው የዊንዶውስ ቶሎ መነሻ ስልት ነው። ዊንዶውስ «ሹት ዳውን» ሲባል በእውነት አይጠፋም፤ ግማሹን አስቀምጦ ይተኛል፣ ክፍሉንም እንደያዘ ይቆያል። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ «የማጥፊያ ቁልፎቹ ምን ይሥሩ» ከሚለው ገብታችሁ ምልክቱን አንሱት። ሪስታርት ግን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፤ ስለዚህ ለጊዜው ሲቸግር ሪስታርት አድርጋችሁ ወደ ኡቡንቱ ዙሩ። በግድ እንዲጽፍ የሚያደርጉ ትእዛዞችን አትጠቀሙ። የተቀመጠው ይጠፋል፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ክፍሉ ራሱ ይበላሻል። ትልቅ አፕዴት በመጣ ቁጥር ተመልሶ በርቶ እንደሆነ እዩ።

ኡቡንቱ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ይቆማል

እየጻፈ ሳለ መብራት ሄዶበት ነው። ኤግዚት ብላችሁ ስትተይቡ የታመመውን ፓርቲሽን ስም ይነግራችኋል። ከዚያ ኤፍኤስሲኬ፣ ሰረዝ ዋይ፣ ቀጥሎ ያንን ስም፤ ሲጨርስ ሪቡት። የዊንዶውሱን ክፍል ስም በስህተት እንዳትሰጡት። «አይ-ኦ ኤረር» እየደጋገመ ካወጣ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ጥገናውን አቁሙ፣ መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጡ። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ይህ ተመልሶ ይመጣል፤ ስታቢላይዘር ዩፒኤስ አይደለም፣ መብራት ሲሄድ ምንም አያደርግም።

ሰዓቱ ልክ በ3 ሰዓት ይዛነፋል

ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ሲዞር 3 ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ባትሪዋ ደህና ናት። ኡቡንቱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚጽፈው የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል፤ የኢትዮጵያ ልዩነት ደግሞ 3 ሰዓት ነው። ኡቡንቱ ላይ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1 በሉ። ልዩነቱ ከ3 ሰዓት ውጭ ከሆነ ግን ወደ ባትሪዋ ተመለሱ።

«ግረብ ሬስኪው» ብሎ ይቆማል

ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የኡቡንቱን ክፍል ያጠፋ ሰው አለ። በዩኢኤፍአይ ከሆነ ከማስነሻ ዝርዝሩ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»ን መምረጥ ይበቃል። በሌጋሲ ከሆነ በዊንዶውስ ፍላሽ ተነስታችሁ ከጥገናው ትእዛዝ መስኮት ቡትሬክ ፊክስ-ኤምቢአር።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

«ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት መልእክት አውጥቶ የሚጠፋ፦ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት ያመጣው ነው። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ማስነሻ የሚከለክለውን ቅንብር) አጥፉ፣ ኡቡንቱ ገብታችሁ በሙሉ አፕዴት አድርጉ፣ መልሳችሁ አብሩ።

ከአዲስ ከርነል (የኡቡንቱ እምብርት) በኋላ «ከርነል ፓኒክ»፦ ግረብ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብታችሁ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ።

ግረብ ዊንዶውስን አያሳይም፦ ከ22.04 ጀምሮ ኡቡንቱ ሌላ ሲስተም መፈለጉን ሊተወው ይችላል። የግረብ ቅንብር ፋይል ውስጥ «ዲስኤብል ኦኤስ ፕሮበር» የሚለውን ፎልስ አድርጉና ሱዶ አፕዴት-ግረብ። እንዲያም ሆኖ ካልታየ ብዙ ጊዜ አንዱ ሲስተም በሌጋሲ፣ ሌላው በዩኢኤፍአይ ተጭኗል፤ ግረብ ሁለቱን አንድ ዝርዝር ላይ ማምጣት አይችልም፣ በየጊዜው ባዮስ ውስጥ ስልቱን እየቀየሩ መኖር ወይም ፋይል ገልብጦ አንዱን በትክክለኛው ስልት እንደገና መጫን ነው።